ውሻ በረኪና ሲጠጣ፦ የሠራው መፍትሔ

ለገጣፎ አንዲት የግቢ ውሻ ከልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ በረኪና ጠጥታ ለሃጯ ሲዝረበረብ የጠቀማት ቶሎ መታጠቧ ነው። ጓንት አድርጉ። አፍንጫዋን ወደ ታች አዘንብላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በጉንጯ በኩል በቀስታ እያፈሰሳችሁ አፏን ለ10 ደቂቃ ያህል እጠቡ፤ ወደ ጉሮሮ የተለቀቀ ውሃ ሳንባ ይገባል። ሌላ ሰው ለእንስሳት ሐኪም ይደውል። ቀጥሎ መዳፏንና ጸጉሯን እጠቡ፤ አለዚያ እየላሰች መልሳ ትውጠዋለች። ነቅታ በደንብ የምትውጥ ከሆነ ትንሽ ውሃ ወይም ወተት ትላስ።

ጨው በጥብጦ አጠጥቶ ውሻን እንዲያስታውክ ማድረግ በብዙ ግቢ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። በረኪናው ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ይደግመዋል፤ ጨውም ራሱ ይመርዛል። ሎሚና አቼቶ ከበረኪና ጋር ክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥሩ አይሰጡም። ከሰልም አይጠቅምም።

ቁስል ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል እስከ ማግስቱ ምላሷንና ድዷን ደጋግማችሁ እዩ። ደም ካስታወከች፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ መዋጥ ካቃታት ወይም የጠጣችው ውሃ ያልገባበት በረኪና ከሆነ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ብዙ ጊዜ በረኪና ጽሑፍ በሌለው ሃይላንድ ስለሚሸጥ፣ ሃይላንዱን ከነቀሪው ይዛችሁ ሂዱ።