ጥላው የእናንተ ብቻ አይደለም፦ የፒሲቲ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ፒሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ረጅም የእግር ጉዞ መንገድ ላይ በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ልቀመጥ ጎንበስ ስል ድምፁን ሰማሁ። ደረቅ ባቄላ በቆርቆሮ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ሲናጥ ይመስላል። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እጄ ሊያርፍበት ከነበረው ድንጋይ ትንሽ ራቅ ብሎ ራትልስኔክ የሚባል መርዛማ እባብ ተጠምጥሞ ጭራውን ያንቀጠቅጣል። ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ራቅ ስልለት ዝም አለ። ቀድሞኝ የያዘው ጥላ ነበር።

በረሃ ላይ እኛ የምንፈልገውን እንስሳቱም ይፈልጉታል፦ ጥላ፣ ውሃ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰዓት። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለፍኩት ይሄን አስቤ ነው።

ፓስፊክ ክሬስት ትሬይል፣ ተጓዦቹ ፒሲቲ የሚሉት፣ ከሜክሲኮ ድንበር ከካምፖ ተነስቶ እስከ ካናዳ 4,265 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። እዚህ የማወራው ከካምፖ እስከ ዋርነር ስፕሪንግስ ስላለው 175 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ፈቃዱን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በመነሻው ወቅት ከደቡቡ ጫፍ በቀን የሚፈቀድለት 50 ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፈተና ሌክ ሞሪና የሚባለው ሐይቅ መድረስ ነው። 32 ኪሎሜትር ይርቃል። መሀል ላይ ያለው የሀውዘር ጅረት ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ከሸለቆው የሚያወጣው ዳገት ደግሞ የሚጠብቃችሁ ደክማችሁ ሳለ ነው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 11 ተኩል ተነሱ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ አረፍ በሉ። ውሃ ብቻ እየጠጣችሁ አትዋሉ፤ ጨው ያለው ነገር ብሉበት። ላብ ጨውን ይዞ ስለሚወጣ ውሃ ብቻ ማብዛት ራሱ ያሳምማል።

አሁን ወደ እባቡ። የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ውሎው ከፀሐይ ጋር ነው። ጠዋት ሊሞቅ ገላጣው መንገድ ላይ ይወጣል። ቀን ሲከር ቁጥቋጦና ድንጋይ ሥር ይገባል። ማምሻውን ሙቀቱ ያልለቀቀው መንገድ ላይ ተመልሶ ይጋደማል። ስለዚህ ጠዋት ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን፤ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት። ቀን ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ቁጥቋጦውን ራቅ ብላችሁ በዱላ ነካ ነካ አድርጉት። ከመሸ የግንባር መብራት አብሩ። ሁሉም ያስጠነቅቃል ብላችሁ አትመኑ፤ ጭጭ ብሎ የሚተኛ አለ።

መንገዱን ከዘጋ ቢያንስ ሁለት ሜትር ራቁና ጠብቁት። ድንጋይ አትወርውሩ፣ በዱላ አትነካኩት። እኔ አንዱን ሃያ ደቂቃ ጠብቄዋለሁ፤ በራሱ ሰዓት ሄደ። ከነደፈ፣ መቁረጥና ደም መምጠጥ የሚባለውን እርሱት። የተነደፈውን ቦታ በገመድ አትሰሩት፣ በረዶም አታድርጉበት። እብጠቱ ሳይመጣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ ተረጋጉ፣ ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ደውሉ ወይም የሳተላይት መሣሪያችሁን የኤስኦኤስ (የድረሱልኝ) ቁልፍ ተጫኑ። መድኃኒቱ ያለው ሆስፒታል ነው።

እግራችሁ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ማከም አድካሚ ነው። እግራችሁን የሆነ ቦታ ላይ ሲያቃጥላችሁ ያኔውኑ ቁሙና ቴፕ ለጥፉበት። ባረፋችሁ ቁጥር ጫማና ካልሲ አውልቃችሁ አናፍሱ። መልሳችሁ ከማጥለቃችሁ በፊት ግን አራግፉ፤ ጊንጥም ጥላ ይወዳል።

ደስ የሚለውን ደግሞ እንዳታልፉት። በሦስተኛው ቀን ባለቀንዱን እንሽላሊት አየሁ። ጠፍጣፋ ነው፣ የመዳፍ ግማሽ ቢያክል ነው፣ ጫፍ ጫፉ ሁሉ እሾህ። ቀለሙ ከአሸዋው አይለይም። የጉንዳን መስመር ዳር ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይለቅማል። አትያዙት። ከዓይኑ ጥግ ደም ይረጫል፤ ያን የሚያደርገው የጨነቀው ጊዜ ነው።

ማውንት ላጉና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጥድ አለው፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል። በረሃ ነው ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ።

ከሲዘርስ ክሮሲንግ በኋላ ያለው ከባዱ ነው። እስከ ባረል ስፕሪንግስ 39 ኪሎሜትር ገደማ፣ ጥላ የለም ማለት ይቀላል። በጎ ፈቃደኞች ውሃ የሚያስቀምጡበት ቦታ መሀል ላይ አለ፤ እሱን ተማምናችሁ ግን አትውጡ። ባዶ ሆኖ ብታገኙትስ? እኔ ስድስት ሊትር ተሸከምኩ። ስድስት ኪሎ ነው፣ ትከሻዬን ገዘገዘኝ፣ ግን ማታ ላይ ግማሽ ሊትር ተርፎኝ ተኛሁ። ምግባችሁን ጠረን በማያወጣ ነገር አሽጉ፤ አይጥ ቦርሳውን በስታ ትገባለች። ሌሊት ቀበሮ መሳዮቹ ኮዮቲዎች ሲያላዝኑ ሁለቱ አሥር ይመስላሉ። አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድንኳናችሁ አይመጡም።

በማግስቱ ባረል ስፕሪንግስ ስደርስ ገንዳው ዳር ንቦች ቀድመውኝ ነበር። በእጄ አላባረርኳቸውም። ጠርሙሱን ንብ በሌለበት ጫፍ ቀስ ብዬ አስገባሁ፣ ሞላሁ፣ ራቅ ብዬ አጣርቼ ጠጣሁ።