ለኤምቢኤ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን ሰው እንዴት እንደሚመርጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤምቢኤ (ለንግድ ሥራ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት) ሳመለክት ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ የጠየቅኳቸው የድርጅታችንን ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሳቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥኩት ቢበዛ አራት ጊዜ ነው። ማዕረጋቸው ብቻውን በር ያስከፍትልኛል ብዬ አምኜ ነበር። ካመለከትኩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱም ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠራኝም። ከወራት በኋላ ሰውዬው በራሳቸው ፈቃድ የደብዳቤውን ቅጂ ሰጡኝ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ» ይላል። አንድም ክፉ ቃል የለበትም። ነገር ግን ስሜን አውጥተው የጎረቤቴን ስም ቢያስገቡበት ከደብዳቤው ምንም መቀየር አያስፈልግም ነበር።

ያልተሳካልኝ በደብዳቤው ብቻ ነው አልልም። ሆኖም ከማመልከቻው ክፍሎች ሁሉ ሌላ ሰው ስለ እኔ የሚናገርበት ብቸኛው ቦታ ያ ነበርና ባዶውን አሳለፍኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ከዚሁ ጀመርኩ። የሄድኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

1. ሰው ከመምረጥዎ በፊት ቅጹን ያንብቡ

ብዙ አመልካች ሰውየውን ከመረጠ በኋላ ነው ጻፊው የሚሞላውን ቅጽ የሚከፍተው። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ሁለት ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የሆነው ስሎን አንድ ብቻ። ስታንፎርድ ከሁለቱ አንዱ አሁን ካለዎት የቅርብ አለቃ እንዲመጣ ይፈልጋል፤ ይህ ካልተቻለ ከእሱ ቀጥሎ ሥራዎን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ይሁን ይላል። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል የሚያመለክቱበትን ዓመት መመሪያ ራስዎ ያንብቡ።

«ደብዳቤ» እንላለን እንጂ አሁን በማኅተምና በፊርማ የሚላክ ደብዳቤ እምብዛም የለም። ጻፊው በኢሜይል የደረሰውን ማስፈንጠሪያ ከፍቶ ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ችሎታዎን በየዘርፉ የሚመዝን ሰንጠረዥም ይሞላል። የጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ባለቤት የሆነው ድርጅት ያዘጋጀው የጋራ ቅጽ አለ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች እሱን ወይም ተመሳሳዩን ይጠቀማሉ። ዋና ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ከአመልካቹ ጋር ያላችሁ የሥራ ግንኙነት ምንድን ነው? በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ጥሩ ባለሙያዎች ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ለአመልካቹ ከሰጡት ገንቢ አስተያየት ዋነኛው የትኛው ነው? በምን ሁኔታ ሰጡት? እሱስ እንዴት ተቀበለው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ደግመው ያንብቡት። አርሞዎት የማያውቅ ሰው ሊመልሰው አይችልም። የእኔ ዋና ሥራ አስኪያጅ በዚያ ቦታ ላይ «አንዳንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይሠራል» ብለው ጽፈዋል። ምን ያድርጉ? አጠገቤ ሆነው ሲያርሙኝ አልኖሩም።

2. ስሞችን ይጻፉ፣ በያንዳንዱ ስም ፊት ትዕይንት ያስቀምጡ

አንድ ነጭ ወረቀት ይያዙ። ባለፉት ሦስትና አራት ዓመታት ሥራዎን የተቆጣጠረ፣ የገመገመ ወይም ሥራዎን የተቀበለ ሰው ሁሉ ስሙ ይስፈር። ከዚያ በያንዳንዱ ስም ፊት ያ ሰው በዓይኑ ያየውን ሦስት ነገር ይጻፉ። የሰማውን ሳይሆን ያየውን። ቀኑን፣ ችግሩን፣ እርስዎ ያደረጉትን፣ እሱ ያለውን።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ከማንኛውም ምክር በላይ ጠቅሞኛል። በዋና ሥራ አስኪያጁ ስም ፊት የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ሪፖርት። በሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ ስም ፊት ግን ወረቀቱ አልበቃኝም። ከሁሉ በላይ ያስታወስኩት አንድ የሐሙስ ከሰዓት ነው። ለአንድ ደንበኛ በላክሁት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ቁጥር ተሳስቼ ነበር። ስህተቱን ያየሁት ሰኞ ነው፤ ብቻዬን አስተካክላለሁ ብዬ ሦስት ቀን ደበቅኩት። ኃላፊዋ ሲያውቁ በሩን ዘግተው አስቀመጡኝና «ቁጥሩ መሳሳቱ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ሦስት ቀን ብቻህን ይዘኸው መቆየትህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ዓርብ ያልተፈቱ ችግሮቼን በአንድ ገጽ ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥ ነበር። ሌሎች የክፍሉ ሠራተኞችም በኋላ ይህንኑ ያዙ።

በመጀመሪያው ዓመት እኚህን ሴት ያለፍኳቸው ያንን ጉዳይ ስለሚያውቁ ነበር። ያፈርኩበትን ያየ ሰው ምስክሬ እንዲሆን አልፈለግኩም። የቅጹን ሦስተኛ ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ግን የሚያስፈልገኝ ሰው እሳቸው እንደሆኑ ገባኝ። ስህተቴንም መታረሜንም ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአንድ ስም ፊት ሦስት ነገር መጻፍ ካቃተዎት ሰውየውም የሚጽፈው የለውም። ሚኒስትርም ይሁን የባንክ ፕሬዚዳንት ስሙን ይሰርዙት። ከትምህርት ቤቱ የተመረቀ ዝነኛ ሰውም ቢሆን አብሮዎት ካልሠራ ያው ነው።

3. ሁለተኛውን ሰው ከሌላ አቅጣጫ ይፈልጉ

ሁለቱም ጻፊዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ስለ አንድ ፕሮጀክት ቢጽፉ ሁለተኛው ደብዳቤ ባክኗል። የቀድሞ አለቃ፣ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉት ደንበኛ፣ በበጎ ፈቃድ ሥራ ላይ የሚመራዎት የቦርድ አባል፣ ከሌላ ክፍል ጋር በጋራ የተሠራ ፕሮጀክት መሪ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሥራ ላይ ከቆዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም፤ የሚያውቀው በክፍል ውስጥ የነበሩትን ተማሪ ነው። ዘመድና የቤተሰብ ወዳጅ በፍጹም አይሆኑም።

የራስዎ ድርጅት ካለዎት አለቃ የለዎትም። ገንዘቡን ያፈሰሰ ባለሀብት፣ ትልቅ ደንበኛ ወይም አብሮዎት የቆየ አቅራቢ ይጠይቁ። በአባትዎ ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ አባትዎ ምንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆኑ ቃላቸው አይመዘንም፤ ከውጭ ያለውን ኦዲተር ወይም የሕግ አማካሪ ያስቡ።

አሁን ላለዎት አለቃ መንገር ሥራዎን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ አይንገሩ። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ያውቃሉ። የቀድሞ አለቃዎን ወይም ከድርጅቱ የለቀቀ ኃላፊ ይምረጡና ለምን እንዳደረጉት በማመልከቻው ለተጨማሪ ማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። ሳያብራሩ ከዘለሉት ግን አንባቢው የራሱን ምክንያት ይፈጥርለታል፤ የሚፈጥረውም ለእርስዎ አይበጅም።

4. አጠያየቁ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ሰውም በችኮላ የሚያልፈው ይህንኑ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በኮሪደር ላይ ቆሜ ጠየቅኩ። «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አልኩ፤ «ችግር የለም» አሉኝ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

«ችግር የለም» እሺታ አይደለም። ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ በተለይ ደህና ሰው ከሆነ። ስለዚህ ጥያቄዎ ለእምቢታ በር የሚከፍት መሆን አለበት። ቀጠሮ ይያዙ፣ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፣ እንዲህ ይበሉ፦ «ለኤምቢኤ ላመለክት ነው። ቅጹ ሥራዬን በዝርዝር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ከጠንካራ ጎኔ ጋር ድክመቴንም ይጠይቃል። በምሳሌ አስደግፈው ጠንካራ ድጋፍ ሊጽፉልኝ እንደሚችሉ ይሰማዎታል? ጊዜ ከሌለዎት ወይም ሌላ ሰው ይሻላል ካሉም ቅር አይለኝም።»

ከዚህ በኋላ ዝም ብለው መልሱን ያዳምጡ። ሊጽፍልዎት የፈለገ ሰው ይጠይቃል። ለምን ኤምቢኤ? ለምን አሁን? መቼ ነው የሚዘጋው? ያን ጊዜ የሠራኸውን ሥራ ልጥቀሰው? የሽያጭ ክፍል ኃላፊዋ ጥያቄዬን ሰምተው ሳይጨርሱ «የዚያን የሐሙሱን ጉዳይ እጽፈዋለሁ፤ ካልፈቀድክ ግን ሌላ አገኛለሁ» አሉኝ። ፈቀድኩ። የልብ ትርታዬ ግን አሁንም ትዝ ይለኛል።

ያልፈለገ ሰው ደግሞ ያጥራል። ሰዓቱን ያያል፣ «ላከውና እናያለን» ይላል፣ ወይም ስለ እርስዎ ሳይሆን ስለ ራሱ የሥራ ብዛት ያወራል። ይህን ካዩ አመስግነው ይውጡ። ሌላ ሰው መፈለግ ለሳምንት ያስጨንቃል፤ ለብ ያለ ደብዳቤ ግን አንድ ዓመት ያሳጣል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። «ጽፈህ አምጣልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ» የሚል አለቃ ብዙ ነው። አብዛኛዎቹ በክፋት አይደለም፤ ጊዜ የቆጠቡልዎት ይመስላቸዋል። አይቀበሉ። ትምህርት ቤቶች ይህን ይከለክላሉ፤ ሲደረስበት ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ ከተቀበሉም በኋላ ቦታዎን ሊያጡ ይችላሉ። ክልከላው ባይኖር እንኳ የቅበላ ኮሚቴው በማመልከቻው ውስጥ እርስዎ የጻፉትን ድርሰትና ደብዳቤውን አከታትሎ ስለሚያነብ አንድ እጅ እንደጻፋቸው ያውቃል። ደግሞም ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ይፈራል ወይም ያጋንናል። አለቃዬ ስለ ዓርቡ ገጽ ሲያነሱ ሌሎቹ ሠራተኞች ከእኔ መውሰዳቸውን እንደ ቁም ነገር ይቆጥሩት ነበር፤ እኔ ብጽፈው ኖሮ አላነሳውም።

ጥያቄው ሲመጣ ግንኙነቱን ሳያበላሹ የሚመልሱበት መንገድ አለ። «ትምህርት ቤቱ እኔ እንድጽፍ አይፈቅድም፤ ግን ሥራዎን የሚያቀል ማስታወሻ አዘጋጅቼ አመጣልዎታለሁ» ይበሉ። ብዙዎቹ በዚህ ይስማማሉ። አሁንም «አንተው ጻፈው» ካሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

5. ማስታወሻውን ያዘጋጁ

ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ያመለከቱባቸው ትምህርት ቤቶች ስምና የመጨረሻ ቀን፣ የሕይወት ታሪክዎ፣ ለምን መማር እንደፈለጉ በአንድ አንቀጽ፣ ከዚያ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የጻፏቸው ትዕይንቶች። ትዕይንቶቹን ከነቁጥራቸውና ከነቀናቸው ያስታውሱት፤ አለቃዎ የዛሬ ሁለት ዓመት ሽያጩ በስንት እንዳደገ በቃሉ አይዘውም። ፍርዱን ግን አይጻፉለት። «ደፋር ነኝ» አይበሉ፤ ያደረጉትን ብቻ አስታውሰው ስሙን እሱ ያውጣለት።

ጻፊዎ የቅጹን ቋንቋ አቀላጥፎ የማይጽፍ መሆኑ ብቻውን ምክንያት ሆኖ አያስቀይርዎት። ኮሚቴው ሰዋስው አያርምም። ከየአገሩ የሚመጡ ደብዳቤዎችን የለመዱ ሰዎች ናቸው። በተሰባበረ ቋንቋ የተጻፈ እውነተኛ ታሪክ ካማረ ባዶ ገጽ ይበልጣል።

6. ቀኑን ይጠብቁ

የብዙ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር መስከረም መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ዙር ጥር መጀመሪያ አካባቢ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይዘጋል። ከሁለት ወር በፊት ይጠይቁ። ለጻፊው የሚነግሩት ቀን ከእውነተኛው ሁለት ሳምንት የቀደመ ይሁን፤ ይህንንም ሳይደብቁ ይንገሩት። የትምህርት ቤቶቹን ቁጥር ይገድቡ። የጋራ ቅጹ ቢያግዝም በየትምህርት ቤቱ የተለየ ገጽ መሙላት ይጠብቀዋል፤ ስምንት ትምህርት ቤት የተጫነበት ሰው በአምስተኛው ይደክማል።

በማመልከቻው ላይ የጻፊውን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ያስገቡ፤ የግል አድራሻ ጥርጣሬ ይጋብዛል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሆኑ እንደሆነ ደብዳቤውን ኋላ የማየት መብትዎን ይተዉ እንደሆነ ይጠየቃሉ፤ መብቱ የመጣው በፈረንጆቹ 1974 ከወጣ የተማሪዎች መዝገብ ሕግ ነው። ይተዉት። ጻፊው በነጻነት እንደጻፈ አንባቢው የሚያምነው ያን ጊዜ ነው። ማስፈንጠሪያው በተላከ ማግስት «ደረሰዎት ወይ?» ብለው ይደውሉ፤ ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ መልእክት ከሚከማችበት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ደብዳቤው ሲገባ በዚያው ቀን ያመስግኑ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ፣ ተቀባይነት ቢያገኙም ባያገኙም፣ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ራስዎ ይንገሯቸው። እኔ የመቀበያ ደብዳቤዬን አትሜ ለኃላፊዋ የወሰድኩላቸው ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ከዚያ ሳምንት ገጽ ጋር አንድ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።