ጣና ውስጥ የሰጠመ ዕቃ በሳይድ ስካን ሶናር እንዴት ይፈለጋል?

ከዘጌ ሲመለስ ሞተሩ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ የገባበት ጀልባ ነጂ ስለምን እንደማወራ ይገባዋል። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። የሚያስቸግረው ድፍርስነቱ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ክረምት ክረምት ይዘውት የሚመጡት ደለል ውሃውን ማኪያቶ ያስመስለዋል። ጠላቂ ቢወርድ እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም። ዓይን የማይሠራበት ቦታ ላይ ደግሞ ድምፅ ይሠራል።

ሳይድ ስካን ሶናር የሚባለው መሣሪያ ከጀልባው ግራና ቀኝ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ፊት ግን እንደ ቢላ ስለት ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ይጓዛል። ነጥሮ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል። ጀልባው ሲሄድ ሌላ መስመር፣ ከዚያ ሌላ። ሸማኔ ማግ በማግ ላይ ሲጨምር ጥለቱ ቀስ እያለ እንደሚወጣው፣ የሐይቁ ወለልም እንዲሁ ይወጣል። ድንጋይና ብረት ደምቀው ይታያሉ። ለስላሳ ጭቃ ይጠቁራል።

መጀመሪያ ቦታውን አጥብቡ። ዕቃው ሲወድቅ የነበረውን ሰው "ከዳር ስንት ሜትር ይርቃል?" ብላችሁ አትጠይቁት። ውሃ ላይ ርቀት መገመት ማንንም ያሳስታል። ይልቅ "ክብራን ደሴት በየት በኩል ነበር? ከጀርባው ምን ይታይሃል?" በሉት። ሁለት እንዲህ ያሉ ምልክቶች ካገኛችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

የምትወጡት በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ምስሉም አብሮ ይጣመማል። መረብ የጣሉ አሳ አጥማጆች ካሉ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ተጠንቀቁ። የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብስ ማንም ጀልባው ላይ አይውጣ።

ድምፅ የሚልከውንና የሚቀበለውን ክፍል፣ ማለትም ትራንስዱሰሩን፣ በጠንካራ ዘንግ ከጀልባው ጎን እሰሩት። ከጀልባው ሆድ ዝቅ ይበል፣ ከሞተሩ አረፋም ይራቅ። አረፋ ድምፅ ይዘጋል። ጥልቅ ባሕር ላይ በረጅም ገመድ የሚጎተት ዓይነት ይጠቀማሉ። ለጣና ግን ዘንጉ ይበቃል፤ እምቦጭ ባለበት ደግሞ የሚጎተት ነገር መጠላለፍ ነው ትርፉ።

ለሰፊ ፍለጋ የድምፁን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) 455 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉት። 800ና ከዚያ በላይ ያለው ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፣ ሩቅ ግን አይሄድም። መሣሪያው ከወለሉ 5 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ በየጎኑ 30 ሜትር ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን እንደ ገበሬ ትልም ማውጣት ነው። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ዙሩ፣ ጎን ለጎን ተመለሱ። ፍጥነታችሁ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሁን። ከጀልባው ቀጥታ ሥር ያለውን ወለል መሣሪያው በደንብ አያሳይም። ስለዚህ በመስመርና በመስመር መሃል 25 ሜትር ብቻ ተዉ፣ የቀረውን ሁለተኛው መስመር ያነሳዋል። 300 በ600 ሜትር የሆነ ቦታ በዚህ ስሌት 12 መስመር፣ በጠቅላላው 7.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መዞሪያውን ሳይጨምር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ስትዞሩ የሚወጣውን ምስል አትመኑት፣ የተጣመመ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አዲስ ሰው ስክሪን ላይ የሚያየው የሚያበራውን ነው። እናንተ ጥላውን እዩ። ዕቃው ድምፁን ስለሚጋርድ ከጀርባው ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ልክ የማታ ፀሐይ የሰውን ጥላ መሬት ላይ እንደምታስረዝመው። የሚያበራው ነጥብ ድንጋይም ሞተርም ሊሆን ይችላል። ጥላው ግን የሞተሩን ረጅም እግር ያሳያችኋል። ቁመቱም ከጥላው ይሰላል። የጥላውን ርዝመት መሣሪያው ከወለሉ ባለው ከፍታ አባዙና ከመሣሪያው እስከ ጥላው ጫፍ ባለው ርቀት አካፍሉ። ጥላው 4 ሜትር፣ ከፍታው 5፣ ርቀቱ 20 ሜትር ከሆነ ዕቃው 1 ሜትር ይቆማል ማለት ነው። ጥላው ከነጥቡ ተለይቶ ራቅ ካለ ነገሩ ወለል ላይ አልተቀመጠም፤ አብዛኛውን ጊዜ አሳ ነው። መሃል ላይ የሚታየው ጥቁር ጎዳናም ጉድጓድ አይደለም፣ ከጀልባው ሥር ያለው ውሃ ነው።

ዓይናችሁን በምታውቁት ዕቃ አሠልጥኑ። እኔ አሮጌ የመኪና ጎማ በገመድ አስሬ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥዬ ዳር አካባቢ አሰጠምኩት። በ10 ሜትር ሳልፍ ቀለበቱ ከነመሃሉ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በ28 ሜትር ሳልፍ ያው ጎማ ጠጠር መሰለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁትን ነገር "አገኘሁ" አልልም።

የሚያጠራጥር ነገር ስታዩ ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አድርጉና በሌላ አቅጣጫ እለፉበት፤ ርቀቱን ወደ 15 ሜትር አሳጥሩ፣ ድግግሞሹን ከፍ አድርጉ። ከሦስት ማዕዘን ቅርጹን ከጠበቀ ይታመናል። ፍለጋው ለሰጠመ ሰው ከሆነ ደግሞ እባካችሁ፣ እስክታረጋግጡ ድረስ ዳር ላይ ለቆመው ቤተሰብ ስክሪኑን አታሳዩ። በግንድ ጥላ እናት ሁለት ጊዜ ማልቀስ የለባትም።

ከዚያ ድንጋይ በገመድ አስራችሁ ቦታው ላይ ጣሉ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ባዶ ጀሪካን ይንሳፈፍ። እንደገና በሶናሩ እለፉ። ድንጋዩም ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ከዕቃው በየት በኩል ስንት ሜትር እንደራቀ ታነባላችሁ። ሞተር አጥፉ። ጠላቂው ገመዱን ይዞ ይወርዳል፣ በነገራችሁት አቅጣጫ በእጁ እየዳበሰ ይሄዳል።

ጣና የገዳማት ሐይቅ ነው። የተገኘው የጥንት ዕቃ ከመሰለ ጠላቂው እንዳይነካው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ምስሉንና የጂፒኤስ ቁጥሩን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ።