ሹራብ ከሰፈር ሴቶች ጋር ሲለመድ

ኪሮሽ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። የሶፋው ልብስ፣ የቴሌቪዥኑ ልብስ፣ የጠረጴዛው ዳንቴል፣ ሁሉም የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው። ሹራብ ግን ሌላ ነገር ነው። ኪሮሽ ጫፏ በታጠፈ አንዲት መርፌ ይሠራል። ሹራብ ሁለት ቀጥ ያሉ መርፌዎች ይፈልጋል፤ ቀለበቶቹም መርፌው ላይ እንደተሰለፉ ይቆያሉ፣ አንዷ ካመለጠች እስከ ታች ትተረተራለች። እኔ ብቻዬን በቪዲዮ እማራለሁ ብዬ ወራት ባክኛለሁ። እኔ ቪዲዮውን አየዋለሁ እንጂ ቪዲዮው የእኔን እጅ አያይማ!

የሚሠሩ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ፣ ማስታወቂያ ስለማይለጥፉ ነው የማናውቃቸው። እኔ መርካቶ ክር የምገዛበትን ባለሱቅ «ብዙ ክር የሚገዛህ ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። አንዷ የእኛው ሰፈር ሰው ሆና ተገኘች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ቡና ይፈላል፣ አምስት ስድስት ሆነው ይሠራሉ። ሄድኩ፣ በዚያው ቀረሁ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስኳር ወይም ቆሎ ያዙ። ለሥራው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው መካከለኛ ክርና 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መርፌ ይበቃል። ጥቁር ክር ግን በፍጹም! መብራት የሄደ ቀን ቀለበቱን በዳበሳ ነው የምትፈልጉት። (ልጅ ሆኜ ወንድሜ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆርጦና ሞርዶ መርፌ ሠርቶልኝ ነበር። ሽቦው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ በእሱ የሠራሁት ሻርፕ እንደ ካርቶን ደረቅ ነበር።) ደግሞ ከከሰሉ ራቅ በሉ፣ አብዛኛው የሱቅ ክር ሰው ሠራሽ ስለሆነ ፍንጣሪ ከነካው ይቀልጣል።

አዲስ ነገር ስትማሩ ከምታሳያችሁ ሴት ጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊት ከሆናችሁ ሁሉም ነገር ይገለበጥባችኋል። ግራኝ ከሆናችሁ ግን ፊት ለፊት ይሻላል፣ እንደ መስታወት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። «አምጪው፣ ልሥራልሽ» ስትባሉ አትስጡ። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔም በደግነት የተሠራልኝ ግማሽ ሹራብ ቤቴ አለኝ፣ እንዴት እንደተሠራ ግን ዛሬም አላውቅም። ይልቅ በራሷ ክር ቀስ ብላ ታሳያችሁ፣ እናንተ በራሳችሁ ሞክሩ፣ ከተበላሸ ተርትሩና እንደገና። ደግሞም የእጅ ጥብቀት ከሰው ሰው ይለያል። አንድ መስመር ሌላ ሰው ከሠራላችሁ ከሩቅ ያስታውቃል። እኛ ጋ አንዲት እናት አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በእንዝርት ጥጥ የፈተሉ። ክሩ በጣታቸው መሃል እኩል ነው የሚሄደው፣ የእሳቸው ሥራ ማስመሪያ ነው የሚመስለው። የእኔ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል።

መሠረቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው። እኛ «ፊት» እና «ጀርባ» እንላቸዋለን። ለፊት ክሩ ከሥራው ኋላ ይሆናል፣ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ይገባል። ለጀርባ ክሩን ወደ ፊት ታመጡና መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ታስገባላችሁ። ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ እያላችሁ ብትሄዱ፣ ተመልሳችሁም ፊቱን በፊት ጀርባውን በጀርባ ብትሠሩ፣ ለእጅጌ ጫፍና ለወገብ የሚሆን እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ይወጣል።

ከዚያ ሽሩባ፣ እንደ ፀጉር ሽሩባ የሚጠማዘዘው ንድፍ። ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው፣ ግን ያስፈራል እንጂ አይከብድም። 20 ቀለበት ጀምሩ። በሥራው ፊት በኩል 7 ጀርባ፣ 6 ፊት፣ 7 ጀርባ። ስትመለሱ ፊት ለፊታችሁ የምታዩትን ብቻ ተከተሉ፣ 7 ፊት፣ 6 ጀርባ፣ 7 ፊት። ስድስት መስመር ከሠራችሁ በኋላ፣ በሥራው ፊት በኩል መሃል ያሉት ስድስቱ ቀለበቶች ጋ ስትደርሱ ሦስቱን ወደ ሌላ መርፌ አዙሩና ከፊት ተዉአቸው። ቀጣዮቹን ሦስት ሥሩ፣ ከዚያ ወደ ተዋችኋቸው ተመለሱ። ተጠማዘዘ! በየ6 መስመሩ ድገሙት። ከፊት ስትተዉት ወደ ግራ ያጋድላል፣ ከኋላ ከሆነ ወደ ቀኝ።

ከመጠማዘዛችሁ በፊት ግን በወፍራም የልብስ መርፌ ሌላ ቀለም ክር በሁሉም ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉ። ከተሳሳታችሁ እስከዚያ ክር ድረስ ብቻ ነው የሚተረተረው። ይህን ያሳየችኝ ከሁላችን ታናሽ የሆነችው ልጅ ናት፣ ትልልቆቹም ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ሽሩባ ጨርቁን ይሰበስባል። እኔ ይህን ሳላውቅ ለእህቴ ልጅ ሽሩባ በሌለው ሹራብ ልክ ጀምሬ ጭንቅላቱን እንኳ አላሳለፈም። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ሥሩ፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። 20 ከሆነ ለ30 ሴንቲ ሜትር 60 ያስፈልጋል። እጃችሁ ጠብቆ 22 ከሆነ ግን ያው 60 ቀለበት የሚሰጣችሁ 27 ብቻ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ለሕፃን ልብስ ብዙ ነው።

ወሬው ደግሞ ያስረሳል። ስለዚህ አቦሉ ላይ ያለፈውን ሳምንት እደግማለሁ፣ ቶናው ላይ አዲሱን እሞክራለሁ፣ በረካው ሲቀዳ ቀለበቴን እቆጥራለሁ። አንድ ከጎደለ እዚያው ሳለሁ በኪሮሽ መርፌ ከታች እየሳቡ ያወጡልኛል። አሁን የካልሲ ተረከዝ ላይ ነኝ፣ በአራት መርፌ። ሁለቴ ተርትሬዋለሁ፣ ለቅዳሜም ሳይተረተር አይቀርም።