ቀማኛ ዝንብን በመልኳ እንዴት መለየት ይቻላል?

ሮበር ፍላይ የምትባለዋን ዝንብ ቀማኛ ብንላት አይበዛባትም። ሌሎች ነፍሳትን አየር ላይ ቀልባ ነው የምትበላው። አስቸጋሪው ነገር ከ7,000 በላይ ዝርያ አላት። እና አደራ፣ ከቀለም አትጀምሩ። እኔ የመጀመሪያዋን ያየሁ ቀን ንብ መስላኝ ሸሽቻለሁ።

መጀመሪያ ክንፍ ቁጠሩ። ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት ብቻ። ቀጥሎ ፊቷን እዩ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ሁለቱ አይኖቿ ወደ ላይ ጉብ ብለው ይወጣሉ፣ መሃላቸው ደግሞ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ይላል። ጎድጓዳው ውስጥ ሦስት ኢምንት አይኖች አሉ። ከዚያ በታች ጠንከር ያለ ጢም አላት፤ ያደነችው ነፍሳት ሲንፈራገጥ ፊቷን ይከላከልላታል። ከጢሙ ስር ደግሞ አጭር ወፍራም መውጊያ አፍ አለ። በሱ ወግታ፣ የሚያደነዝዝና የሆድ ዕቃን የሚያሟሟ ምራቅ ትረጫለች። ጎድጓዳው፣ ጢሙና መውጊያው አንድ ላይ ከተገኙ ቀማኛዋን አገኛችኋት።

አሁን ፎቶ አንሱ፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ፊቷን፣ ክንፏን። ብትበር አትከተሏት። አድና ብዙ ጊዜ ወደዚያው ቅርንጫፍ ትመለሳለች፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። በእጅ መያዝ ግን ይቅርባችሁ፤ ስትነክስ ያማል።

ከዚያ ወደ ቅርጿ እንሂድ። ሆዷ እንደ ክር ቀጥኖ ትንሽ የውሃ ተርብ ከመሰለች የሌፕቶጋስተር ወገን ናት። የእነዚህ እግር ከጥፍሩ ስር ለስላሳ ትራስ የለውም። ጸጉራም፣ ወፍራም፣ ብዙ ጊዜ ቢጫና ጥቁር ሆና ንብ ከመሰለች ላፍሪያን ጠርጥሩ፤ እኔን ያሸሸችኝም የዚህ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። ግራጫ ወይም ቡናማ ሆና ሆዷ ወደ ጭራዋ እየሾለ ከሄደስ? አንቴናዋን እዩ። ጫፉ ላይ ቀጭን ፀጉር መሰል ነገር ካለ የአሲለስ ወገን ልትሆን ትችላለች። የላፍሪያ አንቴና ይህ የለውም፣ ደንደን ብሎ ያልቃል።

ጥርጣሬ ካለ ክንፉን በደንብ አጉሉት። በፊተኛው ጠርዝ በኩል፣ ወደ ጫፉ አካባቢ፣ በመስመሮች የታጠረ ረጅም ክፍል አለ። በአሲለስና በላፍሪያ ወገኖች ይህ ክፍል ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ይዘጋል። በሌሎች በርካታ ቀማኞች ግን ክፍት ነው። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ የፊት እግራቸው ቅልጥም ጫፍ ላይ ጠመም ያለ እሾህ አላቸው።

ጭራውን ደግሞ አትርሱ። ወንዱ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ መሰል ነገር አለው። የሴቷ እንደየወገኗ ይለያያል፤ እንቁላሏን ስንጥቅ ውስጥ የምትከት እንደ ቢላ የሳሳ ጭራ ይኖራታል፣ አሸዋ ውስጥ የምትቀብር ደግሞ እሾህ የከበበው።

የጢሙንና የየእግሩን ክፍል ቀለም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ብዙ ዝርያዎች የሚበሩት በዓመት ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ቀኑ ራሱ ፍንጭ ነው። አንዳንዶቹን ግን የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ሳያዩ መለየት አይቻልም። ፎቶው እስከ ዝርያዋ ካላደረሳችሁ ወገኗን ብቻ፣ ለምሳሌ "የአሲለስ ወገን" ብላችሁ ጻፉና እዚያው ተዉት።