የተቋረጠን ዲግሪ ሲጨርሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ፣ ኮርሶቹን ጨርሶ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የቀረው፣ ልጅ ወልዳ «በሚቀጥለው ሴሚስተር» እያለች ዓመታት የነጎዱባት። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ከእነዚህ ውስጥ ለመጨረስ የተነሱትን ሳይ፣ ብዙዎቹን መንገድ ላይ ያስቀራቸው ገና ክፍል ሳይገቡ የሠሩት ስህተት ነው።

ምን እንደቀረዎት ሳያውቁ መመዝገብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው እልህ ይዞት ይነሳና ቅርብ ያገኘው ኮሌጅ ገብቶ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ላቡን ያፈሰሰበት የድሮ ውጤት ግን ሬጅስትራር ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። መታወቂያው ከጠፋብዎት ሙሉ ስምዎን፣ የገቡበትን ዓመትና ዲፓርትመንቱን ጽፈው ይሂዱ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኞቹን ኮርሶች አልፌያለሁ? አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት ምን ይቀረኛል? ፋይሌ ላይ የወጣሁት በምን ምክንያት ነው የሚለው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሞልቶ የወጣና ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ግን እኩል አይታዩም። ፎርም የሞላው በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) ለመመለስ ይቀለዋል። የጠፋው ያልተማረበት ሴሚስተር በኤፍ ተሞልቶ ሊጠብቀው ይችላል። መስኮቱ ላይ ይህን መስማት ያሳፍረኛል ብለው አይቅሩ። ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ፋይል በየጊዜው ያያሉ።

ሥርዓተ ትምህርቱን ያነሳሁትም በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት (ሁሉም የጋራ ኮርሶች የሚወስዱበት የመጀመሪያ ዓመት) ሲመለስ ብዙ የሦስት ዓመት ዲግሪዎች አራት ዓመት ሆነዋል። በ2009 አካውንቲንግ ያቋረጠ ሰው ዛሬ ሲመለስ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚሉ፣ በእሱ ጊዜ ያልነበሩ ኮርሶች ሊያገኝ ይችላል። የድሮው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ዲፓርትመንቱን ያስወስኑ። ውሳኔውን ደግሞ በቃል አይቀበሉ። «ችግር የለም፣ ይያዝልሃል» ያለዎት ኃላፊ ከዓመት በኋላ ቢሮው ላይኖር ይችላል። ፊርማና ማህተም ያለበት ወረቀት ይያዙ።

የግቢውን ስም አይቶ መክፈል

ተቋም መቀየር ግድ ከሆነብዎት ፈቃዱን ያጣሩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዓይነት፣ በካምፓስና በመርሐ ግብር (በመደበኛ ወይም በርቀት) ለይቶ ነው። ዋናው ካምፓስ ማኔጅመንት ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት ሰፈርዎ ያለው ቅርንጫፍም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። በመደበኛ የተፈቀደው በርቀት አልተፈቀደ ይሆናል። ማስታወቂያውን ትተው ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ከድሮው ውጤትዎ ስንት ኮርስ እንደሚቀበሉዎትም የመጀመሪያውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በጽሑፍ ያስሰጡ።

የመውጫ ፈተናን መርሳት

ከ2015 በፊት ላቋረጠ ሰው ይሄ ዱብ ዕዳ ነው። ቀድሞ እንደ ሕግ ባሉ ጥቂት ትምህርቶች ብቻ የነበረው የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለሌሎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች መሰጠት የጀመረው ሐምሌ 2015 ላይ ነው። የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሁሉንም ኮርስ ቢያልፉም ይህን ካላለፉ ዲግሪው አይሰጥዎትም። ለተመላሽ ተማሪ የሚከብደው ደግሞ ጥያቄው ከብዙ ዓመት በፊት ከተማሩት ኮርስም ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ በተመለሱበት ሴሚስተር ዝግጅት ይጀምሩ። ለትምህርት ክፍልዎ የተለዩትን የፈተና ኮርሶች ዝርዝር ይውሰዱና ከተማሩ ረጅም ጊዜ ያለፋቸውን አስቀድመው ይከልሱ። የመጨረሻው ወር ላይ ያልተነበበ ሀንዳውት ከምሮ ማደር ሥራ ላለው ሰው አያዋጣም።

ያለፈውን ጊዜ በአንድ ሴሚስተር ለማካካስ መሞከር

«ብዙ ዓመት አባክኛለሁ፣ አምስት ኮርስ ልውሰድ» የሚል ሰው አውቃለሁ። እስኪ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ከቢሮ የሚወጡት 11፡30 ነው። ክፍል 12፡00 ይጀምራል። ከመገናኛ ስድስት ኪሎ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ልክ ሊወጡ ሲሉ «አንዴ ይህችን ጨርስልኝ» የሚል አለቃ አለ። በአምስት ኮርስ ላይ ይህ ሲደጋገም መጀመሪያ አቴንዳንስ ይጎድላል፣ ከዚያ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ያመልጣል፣ ከዚያ ሰውየው ድጋሚ ይጠፋል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ይበቃል። ከቻሉ የሚቀልዎትን አንዱን ያስገቡበት።

አለቃዎንም ከመጀመሪያው ይንገሩት። ተደብቆ መማር ያደክማል። የዓመት ፈቃድዎን ሠርግና ክርስትና እንዳይጨርሱት ይጠብቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የሥራ ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ በአሠሪው ፈቃድ ለሁለት ከፍሎ መውሰድም ይቻላል። ግማሹን ለፋይናል፣ ግማሹን ለመውጫ ፈተናው ያስቀምጡ።

የመመረቂያ ጽሑፍ መግዛት

በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) «ተሠርቶ» እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም። ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ ደግሞ ጥሩ ደንበኛ ነው። እባክዎን አይግዙ። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፍዎን በፈታኞች ፊት ሲያቀርቡ፣ «ለምን ይህን ያህል ሰው ናሙና ወሰድክ?» ሲባሉ የሚመልሱት አይኖርዎትም። ከሁሉም በላይ የራስዎ ያልሆነ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ።

እርስዎ እኮ ከወጣቱ ተማሪ የሚበልጡበት ቦታ ይሄ ነው። መጋዘን የምትሠራ አንዲት ሴት እቃ ወጪና ገቢ መዝገቡ ላይ ለምን እንደማይገጥም ሁልጊዜ ትነጫነጭ ነበር። የመመረቂያ ርዕሷ እሱ ሆነ። የቢን ካርዱን (የእያንዳንዱ እቃ ወጪና ገቢ የሚመዘገብበትን ካርድ) ቁጥር ከቆጠራው ውጤት ጋር እያስተያየች ልዩነቱ የሚፈጠረው በየትኛው ፈረቃ ርክክብ ላይ እንደሆነ አሳየች። መረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። እርስዎም ሥራ ቦታ በየቀኑ የሚያበሳጭዎትን ነገር ይዘው አድቫይዘርዎ ጋ ይሂዱ። የመሥሪያ ቤቱን መረጃ ለመጠቀም ግን ቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ።

ወረቀቱን ለነገ ማሳደር

ጋውን ለብሰው ፎቶ ከተነሱ በኋላ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን) ሳይወስዱ ወራት የሚያሳልፉ አሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ ተምረው የነበረ ከሆነ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ውል ይመለከትዎታል። ያለብዎትን ሂሳብ አሁኑኑ ያጣሩ፤ ዋናውን ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ መምጣቱ አይቀርም። የቤተ መጻሕፍት ክሊራንስም (ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳየው ወረቀት) እንዲሁ። የስምዎን ፊደል በእንግሊዝኛውም በአማርኛውም ከመታወቂያዎ ጋር እያስተያዩ እዚያው መስኮቱ ላይ ያንብቡ። ስህተት ካለ ያኔውኑ ያሳርሙት።