ፕለጊኑ ተጭኖ ሳለ የማይሠራበት ምክንያት፦ በፓይተን ሞጁልን በሥራ ላይ የመጫን ችግሮችና መፍትሄዎች

ይህ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ሞጁሎችን (የፓይተን ኮድ ፋይሎችን) በስማቸው እየጠሩ «ኢምፖርትሊብ» በተባለው የፓይተን መሣሪያ ለሚጭኑ ነው። ፕለጊን የምንለው እንዲህ በፕሮግራሙ ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫነውን ሞጁል ነው። የፋይሉ ስም በትክክል መጻፉን፣ ትክክለኛው ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት መከፈቱን፣ የፓይተኑ ቨርዥን የታሰበው መሆኑን አይታችኋል ብለን እንነሣ።

ምልክት፦ ፕለጊኑ ያለ ስህተት ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ግን አያውቀውም

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ነው፤ መልኩም ብዙ ነው። ፕለጊኑ ከ«ቤዝ» ክላስ መውረሱ በዓይን እየታየ «ኢዝኢንስታንስ» (ኦብጀክቱ የዚያ ክላስ መሆኑን የሚጠይቀው ፈንክሽን) «ፎልስ» ይመልሳል። የተነሣው ስህተት በስሙ የተጻፈለትን «ኤክሴፕት» አልፎ ሄዶ ፕሮግራሙን ይጥላል። ፕለጊኑ ራሱን መዝገብ (ፕሮግራሙ የፕለጊኖቹን ዝርዝር የሚይዝበት) ውስጥ አስገብቷል፤ ዋናው ፕሮግራም መዝገቡን ሲከፍተው ባዶ ነው። ሁለት የኢነም (ስም የተሰጣቸው ቋሚ ዋጋዎች ስብስብ) ዋጋዎች ፕሪንት ሲደረጉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲነጻጸሩ እኩል አይደሉም። አራቱም ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፦ አንዱ ፋይል በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ተጭኗል።

ፓይተን ሞጁልን የሚለየው በፋይሉ ሳይሆን በስሙ ነው። «ኢምፖርት» ሲባል መጀመሪያ «ሲስ.ሞጁልስ» የተባለውን ዲክሽነሪ ያያል። ስሙ እዚያ ካለ ያንኑ ይመልሳል፤ ከሌለ ፋይሉን ፈልጎ ከላይ እስከ ታች ያስኬደዋል። ስለዚህ «አፕ.ቤዝ» እና «ቤዝ» ለእሱ ሁለት ሞጁሎች ናቸው። ፋይሉ አንድ ቢሆንም ሁለት ክላስ፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ኢነም ይፈጠራል። ፕለጊኑ ከአንዱ ይወርሳል፤ ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ሌላውን ነው።

ዋናው ጥፋተኛ «ሲስ.ፓዝ.አፔንድ» ነው፤ «ሲስ.ፓዝ» ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው። አንድ ኢምፖርት እምቢ ሲል ፓኬጁ ውስጥ ያለውን ፎልደር «ሲስ.ፓዝ» ላይ ይጨምሩና ስህተቱ ሲጠፋ ተፈታ ይላሉ። አልተፈታም፤ ለዚያው ፋይል ሁለተኛ በር ተከፈተለት እንጂ። ሁለተኛው መንገድ ዋናው ስክሪፕት ነው፦ በቀጥታ ራን የተደረገ ፋይል ስሙ «__ሜን__» ይሆናል። ፕለጊኑ ያንኑ ፋይል በራሱ ስም ኢምፖርት ሲያደርገው ፋይሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይሄዳል። ሦስተኛው፣ በ«ስፔክ_ፍሮም_ፋይል_ሎኬሽን» (ፋይሉ ያለበትን መንገድ በመስጠት) ሲጭኑ እንደመጣ የፈጠሩት ስም ነው።

ለማረጋገጥ ከ«ኢዝኢንስታንስ» መስመር በላይ የሁለቱን ክላሶች «__ሞጁል__» ፕሪንት አድርጉ፤ አንደኛው ፕለጊኑ የወረሰው፣ ሌላው ፕሮግራሙ የሚጠይቀው። አንዱ «አፕ.ቤዝ»፣ ሌላው «ቤዝ» ወይም «__ሜን__» ካለ ተገኝቷል። ስማቸው አንድ ሆኖ «አይዲ»ያቸው (የኦብጀክቱ መለያ ቁጥር) ከተለያየ ግን ሞጁሉ እንደገና ተጭኗል ማለት ነውና ወደሚቀጥለው ምልክት እለፉ።

ሙሉውን ፕሮጀክት ለመፈተሽ «ሲስ.ሞጁልስ»ን በሊስት ገልብጣችሁ በየሞጁሉ «__ፋይል__» መድቡት፤ ከአንድ በላይ ስም ያለው ፋይል ይወጣላችኋል። «__ፋይል__»ን በ«ጌትአትር» ከነምትኩ (ከሌለ ከሚመለሰው ዋጋ ጋር) ውሰዱ፤ የሌላቸውም «ነን» የሆነባቸውም ሞጁሎች አሉ። መንገዱንም በ«ሪልፓዝ» አስተካክሉ፤ ከ3.9 በፊት የ«__ሜን__» ፋይል ሙሉ መንገድ ላይሆን ይችላል። በሊኑክስ «ኦኤስ.ፓዝ» እና «ፖዚክስፓዝ» አብረው ቢወጡ አትደንግጡ፤ በሁለት ስም የተመዘገበ አንድ ኦብጀክት ነው። ችግሩ ኦብጀክቱ ሁለት ሲሆን ነው።

መፍትሄው እነዚያን የ«ሲስ.ፓዝ» መስመሮች ማጥፋት ነው። ፕሮጀክቱን በ«ፒፕ ኢንስቶል -ኢ» ጫኑት፤ ሁሉም ቦታ ከሥሩ በሚጀምረው ሙሉ ስም ጥሩ፤ በ«ፓይተን -ኤም» አስነሡ። ፕለጊኖች የሚጋሩትን ክላስና መዝገብ ከዋናው ስክሪፕት አውጥታችሁ ለብቻው ፋይል ስጡት። «-ኤም» ብቻውን የ«__ሜን__»ን ችግር አይፈታም፤ የሚፈታው ክላሱ ከዚያ ፋይል ሲወጣ ነው።

ክላሶቹን በ«__ኔም__» ጽሑፍ እያነጻጸሩ ማለፍን ተዉት። «ኢዝኢንስታንስ» ዝም ይላል፤ መዝገቡ ግን አሁንም ሁለት ነው፣ የጠፋው ዳታም አይመለስም።

ምልክት፦ ሪሎድ ተደርጎ የድሮው ኮድ ይሠራል

«ኢምፖርትሊብ.ሪሎድ» አዲስ ሞጁል አይፈጥርም። ኮዱን በዚያው ሞጁል ዲክሽነሪ ላይ ደግሞ ያስኬደዋል። ከፋይሉ የሰረዛችሁት ፈንክሽን ስለዚህ አይጠፋም። በ«ፍሮም ... ኢምፖርት» የተወሰደ ስም የድሮውን ይዞ ይቀራል፤ ቀድሞ የተፈጠሩ ኦብጀክቶችም ከድሮው ክላስ ጋር ይቆያሉ። ፓኬጅን ሪሎድ ማድረግ በሥሩ ያሉትን ሞጁሎች አይነካም።

ሞጁሉን ራሱን ያዙና ፈንክሽኑን በየጊዜው በነጥብ ጥሩት፤ ሪሎድ ያን ጊዜ ይታያል። ከ«ሲስ.ሞጁልስ» ሰርዞ እንደገና መጫን ግን ከላይ ያለውን የሁለት ክላስ ችግር በእጅ መፍጠር ነው። በሲ የተጻፈ ኤክስቴንሽን ከተቀየረ ፕሮሰሱን አጥፍታችሁ አስነሡ፤ ሌላ መንገድ አትፈልጉ።

ምልክት፦ ፋይሉ አለ፤ «ሞጁልኖትፋውንድኤረር» ይላል

ፋይሉን የጻፈው እየሠራ ያለው ፕሮግራም ራሱ ከሆነ፣ ፓይተን የፎልደሩን ዝርዝር በካሽ ይዟል። ከመጫኑ በፊት «ኢምፖርትሊብ.ኢንቫሊዴት_ካሽስ» ጥሩ።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ አለ፦ ፋይሉ ተቀይሮ የድሮው ይጫናል። በ«__ፓይካሽ__» (ፓይተን የተረጎመውን ኮድ በሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ ያለው ፋይል የሚመዘግበው ምንጩ የተቀየረበትን ሰከንድና መጠኑን በባይት ነው። 10ን ወደ 20 ብትቀይሩ መጠኑ አይለወጥም፤ ለውጡም በዚያው ሰከንድ ውስጥ ከሆነ ፓይተን ልዩነት አያይም። ኮድ እያመነጩ ወዲያው የሚጭኑ ቴስቶች አንዴ ያልፋሉ፣ አንዴ ይወድቃሉ። «ሲስ.ዶንት_ራይት_ባይትኮድ»ን ከመጀመሪያው «ትሩ» አድርጉ፤ ያለውን «__ፓይካሽ__»ም አጥፉ።

ምልክት፦ «ፕለጊኑ አልተገኘም» ይላል፤ ግን ቦታው ላይ አለ

ጥፋቱ የጫኚው ኮድ ነው፤ «ኤክሴፕት ኢምፖርትኤረር» ብሎ ሁሉንም ይውጣል። ፕለጊኑ ተገኝቶ፣ እሱ የሚፈልገው ላይብረሪ ግን ላይኖር ይችላል። «ሞጁልኖትፋውንድኤረር»ን (ከ3.6 ጀምሮ አለ) ያዙና «ኔም» የሚለውን እዩ። የፕለጊኑ ወይም የወላጅ ፓኬጁ ስም ካልሆነ ስህተቱን መልሳችሁ «ራይዝ» አድርጉ። እየዋጡ ማለፍ ተጠቃሚውን ያለውን ፋይል ሲፈልግ ያውለዋል።

ምልክት፦ ዳታክላስ ያለበት ፕለጊን በ«ነንታይፕ» ስህተት ይወድቃል

በ«ስፔክ_ፍሮም_ፋይል_ሎኬሽን» ስትጭኑ «ሲስ.ሞጁልስ» ውስጥ አላስገባችሁትም። ዳታክላስ (መስኮቹን ከዓይነት መግለጫዎቹ የሚያዘጋጅ ክላስ) መግለጫዎቹ በጽሑፍ ሲሆኑ ሞጁሉን እዚያ ይፈልጋል። ከ«ሞጁል_ፍሮም_ስፔክ» በኋላ፣ ከ«ኤክሴክ_ሞጁል» በፊት አስገቡት። «ኤክሴክ_ሞጁል» ከወደቀ ደግሞ አውጡት፤ ግማሽ የተጫነ ሞጁል ትቶ መሄድ ለቀጣዩ ኢምፖርት ወጥመድ ነው።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

«__ኢምፖርት__» ለ«ኤ.ቢ.ሲ» የሚመልሰው «ኤ»ን ነው፤ «ኢምፖርት_ሞጁል»ን ተጠቀሙ። በነጥብ የሚጀምር ስም «ፓኬጅ» የሚለውን አርጊውመንት ይፈልጋል። «ኢምፕ» የተባለው ሞጁል ከ3.12 ጀምሮ የለም። «__ኢኒት__.ፓይ» የሌለው ፎልደር ያለ ስህተት ባዶ ፓኬጅ ሆኖ ሊጫን ይችላል። በፓይኢንስቶለር ሲታሸግ በስም የሚጫኑ ሞጁሎች ይቀራሉ፤ በ«ሂደን-ኢምፖርት» አንድ በአንድ ንገሩት።

የሚጫነው ስም ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነ ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ጋር ሳታነጻጽሩ አትጫኑት፤ ኢምፖርት ማድረግ ኮዱን ማስኬድ ነው። «ፋይንድ_ስፔክ» አያስኬድም ብላችሁም አትዘናጉ፤ ነጥብ ያለበት ስም ከተሰጠው ወላጅ ፓኬጁን ይጭናል።